የሚዞር ሁሉ አይስብም

ልጆቼ፣ የተከራያችሁት አፓርታማ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት የለውም አላችሁኝ። እንግዲያው በዚያች ጠባብ ክፍል እንፋሎቱንም ሽታውንም የሚያስወጣላችሁ ኮርኒሱ ላይ የተገጠመው ፋን ብቻ ነው። የሶፋውንና የመጋረጃውን ምክር ሌሎች ይሰጧችኋል። እኔ ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ስለሆንኩ የማወራችሁ ስለዚሁ ፋን ነው። ትንሽ መስሏችሁ አትናቁት፤ ጎጆ ወጪ የሚንቀው ነገር ነው ኋላ ከኪሱም ከጤናውም የሚያስከፍለው።

እኛ ባደግንበት ጭቃ ቤት እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። መታጠቢያውም መጸዳጃውም ከግቢው ጥግ ነው፤ በዋናው ቤትም ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ክፍተት ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል፣ እንደ ልቡ ይወጣል። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም መሥራት ከጀመረች ወዲህ ነው ብዙው ሰው ከመኝታ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ሻወር የለመደው። በኋላ ከመጡት ረጃጅም ሕንፃዎች ብዙዎቹ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱን መሃል ላይ አድርገው አራቱንም ጎን በግድግዳ ዘጉት። ቤቱ አማረ፤ መተንፈሻው ግን ለአንዲት ባለ 20 ዋት ሞተር ተተወ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በቤት ውስጥም ሥራው ይኸው ነው። ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ ስትታጠቡ ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል፤ ደስ ይላል። አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳውም አብሮ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ እሱ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከኮርኒሱ ጥግ፣ ከበሩ እንጨት ውስጥ ይቀመጣል። እርጥበቱ ያልለቀቀው ቦታ ላይ ሻጋታ ለመነሳት ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይበቃዋል። መጀመሪያ የምታዩት ከሻወሩ በላይ ባለው ጥግ ላይ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦችን ነው። በሰኔ ብቅ ያሉት በነሐሴ ጥጉን አልብሰውት ታገኛላችሁ። ሻጋታ አስም ላለበት ሰው ጠላት ነው፤ ነገ ልጅ ስትወልዱ ያንን አየር የሚተነፍሰው እሱ ነው።

ብዙ ሰው ነጠብጣቡን ሲያይ ቀለም ቀቢ ይጠራል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም። ቀለሙ ብዙም ሳይቆይ ሻጋታው ከሥሩ ተመልሶ ይወጣል፤ ቅቡም ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይላቀቃል። እርጥበቱ የሚወጣበት መንገድ ሳይስተካከል የሚቀባ ቀለም የባከነ ገንዘብ ነው።

«ፋናችን ይሠራል፣ ድምፁ ይሰማል» ትሉኝ ይሆናል። በየቤቱ ስገባ የሚነገረኝም ይኸው ነበር። የሚዞር ሁሉ አይስብም። ምላሱ በአቧራ የደነደነ፣ ቱቦው የተጣመመ፣ የውጪ ክዳኑ የተጣበቀ ፋን ሌት ተቀን ሲጮኽ ቢውል አንዲት ማንኪያ እንፋሎት አያወጣም። ድምፁን ትታችሁ ስበቱን ፈትኑ። አንዲት ሶፍት ውሰዱ፤ ድርብ ከሆነች ለያዩና አንዱን ንጣፍ ብቻ ያዙ። በሩን ዝጉ፣ ፋኑን አብሩ፣ ሶፍቷን ወደ ክዳኑ አስጠግታችሁ ልቀቋት። ተለጥፋ ከቀረች ፋኑ ጤነኛ ነው። ከወደቀች ግን በሩን ጣት በሚያስገባ ያህል ገርበብ አድርጋችሁ ድገሙት። አሁን ከተለጠፈች ጥፋቱ ከበሩ ነው።

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ አየር እንዲወጣ አየር መግባት አለበት። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። ከበሩ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ያስፈልጋል። እኔ ግን ስንት ቤት ይህ ክፍተት ብርድ እንዳይገባ ተብሎ በጨርቅ ተወትፎ፣ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፎበት አግኝቼዋለሁ። ጨርቁን አንሱት። በሩ መሬቱን እየላሰ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አናጺ ከታች ላጥ ላጥ ያድርግላችሁ።

ሶፍቷ በሁለቱም ጊዜ ከወደቀች ፋኑ ቆሽሿል፣ ወይም መንገዱ ተዘግቷል። ወደ ማጽዳቱ እንግባ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ስለ መብራቱ ስሙኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ማጥፋት አይበቃም። ገመዱን የዘረጋው ሰው ማጥፊያውን በፌዙ ፋንታ ኒውትራሉ ላይ አስሮት ያገኘሁበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ ባለ ቤት ፋኑ ቆሞም 220 ቮልቱ ሽቦው ላይ ነው። ስለዚህ ከማከፋፈያ ሳጥኑ ብሬከሩን አውርዱ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንዳይመልሰው ይነገረው። ከዚያ ቴስተር ውሰዱ፤ መጀመሪያ መብራት ባለበት ሶኬት ላይ ሞክራችሁ ቴስተሩ ራሱ መሥራቱን አረጋግጡ፣ ቀጥሎ የፋኑን ሽቦ ንኩበት። የሞተ ቴስተር ሁሉንም ሽቦ ደኅና ነው ይላችኋል። እጃችሁም፣ ወለሉም ደረቅ ይሁን፤ ሻወር ከተወሰደ በኋላ ወዲያውኑ ይህን ሥራ አትጀምሩ።

የመጸዳጃው መቀመጫ ላይ ወይም የገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ወደ ኮርኒስ እንዳትንጠራሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ አቧራ ለማውረድ ወጥቶ ወገቡን የሰበረ ሰው አውቃለሁ። መሰላል ከጎረቤት ተዋሱ፤ አንዳችሁ ስትወጡ አንዳችሁ ያዙ።

አሁን ክዳኑን አውርዱ። በእኛ ገበያ የሚበዛው የፕላስቲክ ፋን ክዳኑን የሚይዘው ከታች ያለች አንዲት ብሎን ናት፤ አንዳንዱ ደግሞ በጥርስ ብቻ የተያዘ ነው፣ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ይላቀቃል። ከብረት የተሠራው የኮርኒስ ፋን ሁለት የሽቦ ሞላዎች አሉት፤ ሞላዎቹን በጣቶቻችሁ ጨምቃችሁ ከቦታቸው ታወጣላችሁ። አትገንጥሉት። ፕላስቲኩ ከቆየ ይደርቃል፣ በትንሽ ጉልበት ይሰበራል፣ ለብቻውም ብዙ ጊዜ አይሸጥም።

ክዳኑ ሲወርድ የምታዩት ነገር ይገርማችኋል። የፎጣ ቃጫ፣ የራስ ፀጉር፣ ፓውደር፣ በበጋ ከየግንባታው የሚነሳው አቧራ፣ ይህ ሁሉ በእንፋሎቱ ተቦክቶ በምላሶቹ ጠርዝ ላይ ግራጫ ሆኖ ተጋግሯል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው፤ አንዷ የፎጣ ቃጫ ምንም ናት፣ የሁለት ዓመቱ ክምችት ግን ሞተሩን ያስራል። ክምችቱ በሁሉም ምላስ ላይ እኩል አይቀመጥም። አንዱ ምላስ ከሌላው ሲከብድ ፋኑ እየተወላገደ ይዞራል፤ ያ የምትሰሙት መንቀጥቀጥና ጉርምርምታ እሱ ነው። መንቀጥቀጡ ደግሞ ኩሽኔታውን እየበላ ይሄዳል። ቶሎ የሚሞት ፋን ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ግን «የዘንድሮ ዕቃ» ብሎ ሻጩን ይረግማል።

ክዳኑን ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፉት፤ ቀዳዳ ቀዳዳውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሹት። እሱ እስኪለቅ ምላሶቹን መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፤ ደረቁን አቧራ ካላስወገዳችሁ እርጥብ ጨርቅ ስታሳርፉበት ጭቃ ይሆንባችኋል። ከዚያ በሳሙና ውሃ ነክራችሁ በደንብ በጨመቃችሁት ጨርቅ አንድ በአንድ ያዟቸው፤ ፊታቸውንም ጀርባቸውንም። ምላሱን በሙሉ ነቅላችሁ ማጠብ የምትችሉበት ፋን አለ፤ የሚይዘው ዳዶ ግን በአንዳንዱ ላይ የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ እምቢ ሲል አታስገድዱት፣ እዚያው እንዳለ ጥረጉት። ሞተሩ ላይ ውሃ አትርጩ፤ እርጥብ ጨርቅም አይነካው። እሱ የሚፈልገው ደረቅ ብሩሽ ብቻ ነው።

ሻጋታ ካለ በረኪና ታነሱ ይሆናል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር፣ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም በፍጹም አትቀላቅሉ። ከሁለቱም የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ያውም ፋኑ በተፈታበት ሰዓት፣ መሸሻ የላችሁም። አንዱን ምረጡና በአንዱ ብቻ ጨርሱ። ለክዳኑና ለምላሱ ሳሙና ይበቃል።

የታጠበው ነገር ሁሉ ጠብ ጠብ ማለቱን ትቶ ድርቅ እስኪል ጠብቁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ውሃ የያዘ ክዳን ገጥማችሁ ብሬከሩን ብታነሱ ውሃው የሚንጠባጠበው ሽቦው ላይ ነው። በመጠበቂያው ሰዓት ምላሱን በጣታችሁ አሽከርክሩት። ሳይንቋቋ ዞሮ ዞሮ በራሱ ጊዜ የሚቆም ከሆነ ጥሩ ነው። ከተንቋቋ ዘንጉ ላይ አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። የምግብ ዘይት እንዳታደርጉበት፤ በሙቀት እየወፈረ ማጣበቂያ ይሆናል።

አንድ ምልክት ግን በዘይት የሚታለፍ አይደለም። ፋኑን ስታበሩት እያጉረመረመ የማይዞር ከሆነ፣ ወይም የላስቲክ ቃጠሎ ከሸተታችሁ ወዲያው አጥፉት። ሞተሩ መብራት እየወሰደ መዞር ካቃተው የሚወስደው ሁሉ ሙቀት ይሆናል፤ በዙሪያው ያለው ደግሞ ፕላስቲክና ደረቅ አቧራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች እንዲህ ያለውን ሰዓት ነው። ቀዳዳውን ለኩ፤ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በልኩ አዲስ ገዝታችሁ በኤሌክትሪሺያን አስገጥሙ። የፋን ዋጋ ከቀለም ቀቢ ዋጋ አይበልጥም።

ፋኑ ንጹሕ ሆኖ ሶፍቷ አሁንም ከወደቀች ችግሩ ከፋኑ ወዲያ ነው። በቱቦው ጫፍ ፋኑ ሲነሳ የምትከፈት፣ ሲቆም የምትዘጋ ቀጭን ክዳን አለች፤ ቅባትና አቧራ ያጣብቃታል፣ ወፍም ጎጆ ይሠራባታል። ቱቦው የሚተጣጠፍ ዓይነት ከሆነ መሃሉ ሊረግብ ይችላል፤ በረገበው ቦታ ውሃ ይተኛበታል፣ አየሩም እዚያ ይታገታል። ከሁሉም የከፋው ግን ቱቦው ጭራሽ ወደ ውጪ ያልወጣ ጊዜ ነው። አንድ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ኮርኒሱ በየጠዋቱ እያንጠባጠበ ሲያስቸግረው ቆርቆሮው ቀድዷል ብሎ የጣሪያ ሠራተኛ ሲያመላልስ ከረመ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ወጥተን ስናየው የፋኑ ቱቦ ከኮርኒሱ በላይ ተቆርጦ ቀርቷል። እንፋሎቱ ማታ ማታ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ እየሆነ ይወርዳል፤ እንጨቱም መበስበስ ጀምሯል። ቱቦው በሁለት ሜትር ተጨማሪ ወደ ውጪ ሲወጣ ጠብታው ቆመ። እናንተም የእናንተ ቱቦ የት እንደሚያልቅ የቤቱን ባለቤት ጠይቁ፤ ካላወቀ አብራችሁ ውጡና እዩ።

በብዙ ሕንፃ ቱቦዎቹ የሚያልቁት በአንድ የጋራ ሻፍት ነው። ከታች ያለው ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ ሽታው ከመታጠቢያ ቤታችሁ ከመጣ ያቺ የምትዘጋው ክዳን ተሰብራለች ማለት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና ሳትጣሉ በነዋሪዎች ማኅበሩ በኩል ሻፍቱን አብራችሁ አስጠርጉ፤ የአንድ ቤት ብቻ መጽዳት ብዙ አያዘልቅም።

ሌላም ሽታ አለ፤ የፍሳሽ። ፋኑ ሲበራ የሚብስ ከሆነ ሰው ፋኑን ይወቅሳል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህን። ጥፋቱ ከወለሉ ፍሳሽ ሥር ያለው ሲፎን መድረቁ ነው። ሲፎኑ ውስጥ ሁልጊዜ የሚተኛው ውሃ የፍሳሹን ጋዝ ያግዳል። ከተማችን ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ብዙ ቀናት ሳይታጠብበት የቆየ ወለል ሲፎኑ ይደርቃል፣ ፋኑም አየር ፍለጋ ከዚያ ይስባል። ከጀሪካኑ አንድ ሁለት ሊትር አፍሱበት፤ ሽታው ወዲያው ይጠፋል።

ስለ አጠቃቀሙም ልንገራችሁ። ውሃውን ከመክፈታችሁ በፊት አብሩት፤ ታጥባችሁ ከወጣችሁ በኋላም 20 ደቂቃ ያህል ይዙር። ብዙ ቤት ፋኑ ከመብራቱ ጋር በአንድ ማጥፊያ ስለሚታሰር ሰው ሲወጣ አብሮ ይጠፋል፤ እንፋሎቱ ገና ሳይነካ ማለት ነው። ለየብቻ ማስደረግ የአንድ ኤሌክትሪሺያን የአጭር ሰዓት ሥራ ነው። የመብራት ቆጣሪ ይቆጥርብናል ብላችሁ አትስጉ። ባለ 20 ዋት ፋን በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር የሚፈጀው 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 3,500 ዋት የሚስበው የእንጀራ ምጣዳችሁ ይህን በ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ነገር ግን ቤቱን ዘግታችሁ ስትሄዱ፣ መብራት ሲጠፋም አጥፉት። መብራት ሲመለስ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሰው በሌለበት ቤት የሚሠራ ሞተር አይተዉም።

ፋን አለን ብላችሁ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር አትዝጉ። የከሰል ጭስ ባይታይም ገዳዩ ጋዝ አለ፤ ሽታ የለውም፤ የመታጠቢያ ቤት ፋን አያድናችሁም። ቡናውን በከሰል ካሰኛችሁ በረንዳ ላይ፣ ወይም መስኮት ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ።

ይህን ሥራ መቼ መቼ ትሠሩታላችሁ? ክዳኑን በወር አንድ ጊዜ በጨርቅ፣ ሙሉውን በዓመት ሁለቴ። የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ይሁን፤ የበጋው አቧራ ተሰብስቦ፣ ክረምቱ ገና ሳይገባ። ሐምሌ ላይ ፎጣው አልደርቅ ሲል መጀመር ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው። ሁለተኛው ክረምቱ ወጥቶ ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ዕቃ ስለሚነሳ ፋኑም አይረሳም። ሥራውን አንዳችሁ ላይ ብቻ አትጣሉት። አንቺም ብሬከሩ የት እንዳለና የትኛው የየትኛው ክፍል እንደሆነ እወቂ፤ አንተም ሳሙናና ብሩሹን ያዝ። ማከፋፈያ ሳጥኑ ላይ ከየብሬከሩ ጎን የክፍሉን ስም ጽፋችሁ ለጥፉበት። የቸገረ ለት፣ ያውም በጨለማ፣ ማን ቤት እንደሚኖር አይታወቅም።

እስከ እሑድ ሶፍቷን ሞክሩና ውጤቱን ንገሩኝ። ከወደቀች ራሳችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ደውሉ፤ ቴስተሬን ይዤ እመጣለሁ፣ የመጀመሪያውን አብረን እንፈታዋለን።